ጾመኛው ቢላዋ

እጀታው ላይ ኮምፓስ ያለበት ቢላዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ነው። የማኅበራችን ሰብሳቢ ከጉርድ ሾላ ገዝቶ በካርቶን አስጭኖ አመጣ፤ ሃያ ፍሬ። አንዱን ከአፎቱ መዘዘና ፀሐይ ላይ እያብለጨለጨ አሳየን። ጀርባው እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። ጎኑ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። የእጀታው ክዳን ሲፈታ ውስጡ ባዶ ነው፤ ክዳኑ ላይ ደግሞ ያቺ መርፌ ትንቀጠቀጣለች።

«ጫካ ውስጥ ብትጠፉ ሰሜኑን ታሳያችኋለች» አለ።

የምንሠራው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ባለው ዳገት ላይ ነው። ቀና ስል ቤተ ክርስቲያኑን አያለሁ፤ ዝቅ ስል ከተማውን። እዚያ መሐል የሚጠፋ ሰው ካለ የሚያስፈልገው ቢላዋ ሳይሆን እጁን ይዞ ቤቱ የሚያደርሰው ዘመድ ነው። ይህንኑ ተናገርኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሰብሳቢው አልሳቀም። ወደ እኔ ዞሮ ወገቤ ላይ ያሰርኩትን የቆየ ቢላዋ አየና፣

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ያንን ጉማጅ ብረትዎን ለሙዚየም ይስጡልን» አለኝ።

አሁን የሳቁት በእኔ ነው። ያን ሳቅ አልረሳሁትም። አለመርሳቴ ደግሞ በኋላ ሌላ ሰው ላይ ጦስ አመጣ። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ማኅበራችን ሃያ ያህል ሰዎች ያሉበት ነው፤ አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። ሥራችን ዳገቱ ላይ የተተከሉትን የጽድና የወይራ ችግኞች መንከባከብ ነው። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጥና ችግኙን ያፍነዋል፤ እሱን እንመለምላለን። ቀጋና አጋሙንም እንመነጥራለን። እኔ በወጣትነቴ ከዚሁ ዳገት ቅጠልና ጭራሮ እየተሸከምኩ ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ስለ ቢላዋ ግን ማንም ካርቶን ተሸክሞ መጥቶ አያስተምረኝም።

ያ ለሙዚየም ስጪው የተባልኩት ቢላዋ ከጭነት መኪና ባሌስትራ የተሠራ ነው፤ ከጎማው በላይ ተደራርቦ ጭነቱን ከሚሸከመው ብረት። የሠሩልኝ ከላምበረት መነኻሪያ ጀርባ ወናፋቸውን ዘርግተው ይሠሩ የነበሩ ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። የአካባቢው ሰው ማጭዱንም፣ መጥረቢያውንም፣ የበግ ማረጃውንም ከእሳቸው ይወስዳል፤ ዞር ሲል ግን በሥራቸው ይሰድባቸዋል፣ ቡና ጠጡ የሚላቸውም የለም። እሳቸው በሠሩት ቢላዋ የተቆረጠ ሥጋ እየዋጠ እሳቸውን የሚጸየፍ ሰው ስንቱን አይቻለሁ። ለእንዲህ ያለው ሰው የዚያን ጊዜም ሰላምታ አልሰጥም ነበር፤ ዛሬም አልሰጥም።

ሽማግሌው አሥር ያህል ቢላዋ ፊቴ ደረደሩና «ምረጪ» አሉኝ። የሚያምረውን አንስቼ ነበር። ከእጄ ቀሙኝና ስለቱን በጥፍራቸው መቱት። ድምፁ ድንጋይ ላይ እንደወደቀ ቆርኪ ነው። ሌላውን፣ ጥቁሩንና ሸካራውን፣ መቱት፤ ጮኸ፤ ጩኸቱም ወዲያው አልጠፋም። ከዚያ እጀታውን አዙረው አሳዩኝ። ብረቱ በወይራው እንጨት ውስጥ እስከ ጫፍ ዘልቋል፤ ሦስት ቦታ በችንካር ተይዟል።

«ግማሽ መንገድ ሄዶ የቆመ ብረት ጉቶ ላይ ይከዳሻል» አሉ። «ይኸኛው አይከዳሽም። ግን ይዝጋል።»

«የማይዝግ የለዎትም?»

«የማይዝግ አለ የሚልሽን አትመኝው። ብረት ውሃ ከጠጣ ይዝጋል፤ ልዩነቱ የቀን ነው። ሥራ ስትጨርሺ አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ቅባት አስነኪው። አፎት ደግሞ ለመንገድ ነው። አፎት ውስጥ አታሳድሪው፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ያድራል።»

ሰላሳ ዓመት አልፎታል። ስለቱ በመሳል ብዛት አንድ ጣት ያህል አልቋል፤ ሌላው እንዳለ ነው።

የሰብሳቢውን ቢላዋ ታዲያ በጥፍሬ መታሁት። ቆርኪ። እጀታውን አየሁ። ባዶ ነገር ውስጥ ብረት እስከ ጫፍ ሊዘልቅ አይችልም፤ አጭር ምላስ ብቻ አስገብተው በአንድ ብሎን ይዘውታል። ሰብሳቢው ግን በጣቱ ጽሑፉን እያሳየ «ስቴንለስ» ይላል። «ስቴንለስ ማለት ዝገት የማይነካው ማለት ነው።» ሐሰት በብረት ላይ ሲጻፍ እውነት የሚመስለው ሰው አለ። አንዱን መርጦ የራሱ አደረገና ከነአፎቱ ቀበቶው ላይ ሰካ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እጁን እላዩ ላይ ጣል አድርጎ ያወራል። ያ ቢላዋ አንድ ቀንበጥ ሲቆርጥ አላየሁም።

የቀሩት አሥራ ዘጠኙ መጋዘን ገቡ። መጋዘናችን ከመንገዱ ዳር ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። ቁልፉን የምትይዘው ከደቡብ የመጣች ሴት ነበረች፤ ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ። ከመጋዘኑ ጀርባ የተለጠፈችው አንድ ክፍል መኖሪያቸው ናት፤ ክፍሏ የተሰጠቻት በመጋዘን ጠባቂነቷ ነው። ቁልፉ ከተወሰደ ክፍሏም ትወሰዳለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷ ደግሞ ከሁላችንም በላይ ታውቀዋለች። ዕቃ ስትረከብ አንድ በአንድ ገልብጣ ታያለች፤ አንድ ጊዜ የእኔን አካፋ ጭቃ አለው ብላ መልሳብኛለች። ወድጄላታለሁ።

እምነቷ ከእኛ የተለየ ነው፤ ጾማችንን አትጾምም። ማንም በግልጽ አይናገራትም እንጂ አንዳንዱ ዓይኑ ላይ ይዞት ይዞራል።

ቢላዋዎቹን ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ ከሥጋ ቤት ለምና ባመጣችው ሞራ ታብሳቸው ነበር። ደህና ያዘቻቸው። ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ነገሩ የጀመረው ከምሳ ነው። ዳገቱ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ የምንከትፈው በእነዚያው ቢላዋዎች ነው። በጾሙ የመጀመሪያ ቀን አንዷ ቢላዋውን አሸተተችና «ይህ ሞራ ሞራ ይላል፤ ልታስገድፉኝ ነው?» አለች። እውነቷን ነው። በየቤታችን የጾም ቢላዋና የፍስክ ቢላዋ ለይተን የምናስቀምጥ ሰዎች ነን። ሰብሳቢው ነገሩን ሰማና ወዲያው ፈረደ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሞራ የሚባል ነገር ቢላዋ አጠገብ እንዳይደርስ» አላት።

«ታዲያ ምን ልቀባቸው?»

«ምንም። ስቴንለስ ነው እኮ። አጥበሽ አፎቱ ውስጥ መክተት ነው።»

ሴትየዋ ወደ እኔ አየች። ስለ ቢላዋ የማውቀውን ታውቃለች። ስለ ጾምም በማኅበሩ ውስጥ ከእኔ ጋር የሚከራከር እንደሌለ ታውቃለች። እሷ ራሷ ብትናገር «አንቺ ጾማችንን ምን አገባሽ» እንደሚሏት ጠፍቷት አይደለም። ስለዚህ አየችኝ፣ እኔም አየኋት።

ማለት የነበረብኝ ሦስት ቃል ነው። ዘይት የጾም ነው። ሽሮውን በዘይት እየሠራን ቢላዋውን ዘይት መከልከል ምን የሚሉት ጾም ነው? ቤቴ እኔ በጾም የማደርገውን አውቃለሁ፤ ተልባ አመስ አድርጌ እወቅጥና በጨርቅ ቋጥሬ፣ ቢላዋውን እሳት አጠገብ ሞቅ አድርጌ አሸዋለሁ። ዘይቱ ብረቱ ላይ ይደርቅና ስስ ልብስ ይሆንለታል። ሞራም አያሸትም፣ ጾምም አይሽርም።

አልተናገርኩም። ይዝግለት፣ አልኩ በልቤ። ሙዚየሙን ያን ጊዜ እናያለን።

መጀመሪያ ሻይ የፈሰሰባቸው የሚመስሉ ነቁጦች ወጡ። ሴትየዋ ለሰብሳቢው ወስዳ አሳየችው፤ «የባሕር ዛፍ ወዝ ነው፣ እድፍ ነው» ብሎ መለሳት። ከሆሳዕና በፊት የበልጉ ዝናብ በረታና ሥራ ቆመ። በመጨረሻው ቀን ሁላችንም በስብሰን፣ ቢላዋዎቹን በችኮላ አጠብንና እንደረጠቡ አፎታቸው ውስጥ ከተትን። እኔም ከተትኩ። የራሴን አይደለም፤ የራሴን ደረቴ ሥር ይዤ ቤቴ ሄድኩ። ሦስት ሳምንት ያህል መጋዘኑ ተዘግቶ ቆየ። ቆርቆሮ በብርድ ጊዜ ላብ ያልበዋል፤ ጠዋት ጠዋት ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል።

ከፋሲካ በኋላ ሲከፈት አሥራ ዘጠኙም ዝገው ነበር። አንዳንዱ ከአፎቱ ለመውጣት ሁለት ሰው ፈለገ። የተጻፈባቸው እንግሊዝኛ ከነሐሰቱ ተበልቷል።

ደስ ይለኛል ብዬ የጠበቅሁት ነገር ይህ ነበር። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ አልክድም። ከዚያ ሰብሳቢው ሁላችንንም መጋዘኑ ደጅ ሰበሰበን።

«የማኅበር ንብረት በእጇ ላይ ተበላሽቷል» አለ። «እንደ ወንድም አዝናለሁ፤ ግን ሕግ ሕግ ነው። ቁልፉን ታስረክብ። ክፍሉንም እስከ ወሩ መጨረሻ ትልቀቅ።»

ሴትየዋ ተነሥታ ቆመች። ትንሿ ልጇ ቀሚሷን ይዛለች።

«የታዘዝኩትን ነው ያደረግሁት» አለች። «ምንም አትቀቢ ብለኸኛል።»

«ሞራ አትቀቢ አልኩ እንጂ አዝጊው አልኩሽ?»

«ምንም ብለሃል።»

«ማን ሰማ?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ያን ዕለት እዚያ የነበርን በሙሉ ሰምተናል። ቢላዋውን ያሸተተችው ሴት ነጠላዋን ታስተካክላለች። ከኋላ አንዱ፣ «ድሮም ጾም ለማታውቅ ሰው ቁልፍ መስጠት…» ብሎ አጉረመረመና ሳይጨርሰው ተወው። ሳይጨርሱ የሚተዉት ንግግር ከተጨረሰው ይልቅ ይገማል።

ተነሣሁ። ጉልበቴ ስለሚያመኝ ለመነሣት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሁሉም ጠበቀኝ።

«አንተ፣ የወገብህን እስቲ ምዘዘው» አልኩት።

«የእኔ ምን አገባው እማማ?»

«ያንተ መጋዘን ገብቶ አያውቅም። እሷም ነክታው አታውቅም። ከአንተ ወገብ ወደ አንተ ቤት፣ ከቤትህ ወደ ወገብህ ነው። ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ዕቃዋን እኔ ራሴ ተሸክሜ አወጣላታለሁ። ከዛገ ደግሞ ጥፋቱ የብረቱና የትእዛዙ ነው።»

ይህን ስናገር እርግጠኛ አልነበርኩም። ቤቱ ዘይት ቢያስነካውስ? ሚስቱ ብልህ ሴት ናት፤ እሷ ብታብሰውስ? ያልኩትን ግን ብያለሁ፤ ንጹሕ ሆኖ ቢወጣ ኖሮ የዚያችን ሴት ፍራሽ በጀርባዬ ተሸክሜ ነበር።

ሰብሳቢው ሳቅ አለና እጀታውን ይዞ ሳበ። አልወጣም። አፎቱን በግራ እጁ ጨብጦ እንደገና ሳበ። ፊቱ ቀላ።

«ቀበቶው ነው የያዘው» አለ።

«ፍታዋ ቀበቶውን» አለችው አንዲት።

ፈታው። እግሮቹ መሐል አጣብቆ በሁለት እጁ ሳበው። ያኔ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማና ሰብሳቢው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እጁ ላይ ባዶ እጀታ ቀርቷል። ብረቱ አፎቱ ውስጥ እንዳለ መሬት ወደቀ። ክዳኑ ተፈትቶ እየተንከባለለ ሄዶ ያን ዕለት ቢላዋውን ያሸተተችው ሴት እግር ሥር ቆመ።

አነሣችውና አየችው። «ሰሜን በዚህ በኩል ነው» አለች።

እንደዚያ ቀን የሳቅን አይመስለኝም። ሰብሳቢው ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ፤ ከዚያ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣

«እሺ፣ ምን ላድርግ ነበር?» አለ። «ሁዳዴ ነው። ሞራ ቀቢው ብዬ ሰው ላስገድፍ?»

ይህን ያለው ለማምለጥ ብቻ አይመስለኝም። የምር አያውቅም ነበር። ከሞራ ሌላ ቅባት ያለ አልመሰለውም።

«ዘይት የጾም ነው» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ቀላል መሆኑ ሁሉንም ያሳፈራቸው ይመስላል። እኔ ጨረስኩ ብዬ ልቀመጥ ስል የመጋዘኗ ሴት ተናገረች። ሰብሳቢውን አይደለም።

«እማማ፣ ይህን ያን ዕለት ያውቁት ነበር?»

በሕይወቴ ብዙ ሰው ጠይቄ አፋጥጫለሁ። ለቀበሌም፣ ለነጋዴም፣ ለራሴ ልጆችም አልተመለስኩም። እንዲህ በቀስታ የጠየቀኝ ግን የለም።

«አውቅ ነበር» አልኳት።

«ሳይዎት ለምን ዝም አሉ?»

ረስቼ ነው ማለት ይቻላል። አርጅቻለሁ፣ ማንም ያምነኛል። «ማን ሰማ» ያለውን ሰውዬ አሁን በሰው ፊት ያዋረድኩ እኔ ነኝ፤ ቀጥዬ ራሴ እዋሻለሁ?

«እሱ ሲያፍር ማየት ፈልጌ ነው» አልኩ። «በቢላዋዬ ስቆ ነበር።»

«እኔስ?»

«አንቺን አላሰብኩሽም።»

የማኅበሩ ሰው ያኔ መንጫጫት ጀመረ፤ ሁሉም የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ቁልፉ ከእጇ እንደማይወጣ ነው። ክፍሏንም የሚያነሣ አልነበረም። እሷ ግን እኔን እያየች ቆማ ነበር፤ አልተቆጣችም፤ አካፋዬ ላይ ጭቃውን ያየች ዕለት ያየችኝ አስተያየት ነው። ከዚያ ገብታ ቢላዋዎቹን በጆንያ አውጥታ መሬት ላይ ዘረገፈቻቸው። ከሰብሳቢው አፎት ውስጥም ብረቱን በጉጠት አውጥታ ጨመረችው።

«ሃያ ናቸው» አለች። «አሥሩ የእርሱ። አሥሩ የእርስዎ።»

ተቃውሞ አልነበረኝም። ሒሳቡ ትክክል ነው።

መጋዘኑ ደጅ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እኔና ሰብሳቢው። አመድና አሸዋ በጣሳ አመጣችልን። ሰውየው አመዱን በደረቁ ሊያሸው ሲል ዝም ብዬ አይቼው ነበር፤ ከዚያ ዝም ማለቴ ያመጣውን አስታወስኩ።

«አርጥበው» አልኩት። «በጨርቅ አይደለም፣ በቡሽ። ወደ አንድ አቅጣጫ።»

«እሺ እማማ።»

«አፎቱን ደግሞ ፀሐይ ላይ ገልብጠው። ሲደርቅም ለመንገድ ብቻ ነው።»

«እሺ።»

እሺታውን አልወደድኩለትም። አሁንም ሰውየውን አልወደውም፤ እሱም እንደማይወደኝ አውቃለሁ። እነዚያንም ቢላዋዎች እንቃቸዋለሁ፤ ዝገታቸውን ብናወጣም ቆርኪነታቸውን አናወጣም፣ እጀታቸው ባዶ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስንገዛ ድምፃቸውን የምሰማው እኔ እንደሆንኩ ተስማምተናል። ይህን ሐሳብ ያቀረበው ሰብሳቢው ነው፤ እኔ አልጠየቅሁትም።

ከቀትር በኋላ ሴትየዋ መጣች። እያንዳንዱን አነሣች፣ ፀሐይ ላይ አዘነበለች፣ አውራ ጣቷን በጎኑ ላይ አሳለፈች። ሰብሳቢው ካጸዳቸው ውስጥ አምስት መለሰች። እኔ አጸዳሁ ካልኩት ሦስት።

ሦስተኛውን ተቀብዬ አየሁት፤ ጥርሶቹ ሥር ቀይ ነገር ቀርቷል። እውነቷን ነው። ጣሳውን ወደ ራሴ ሳብኩ።

«ተልባ ከቤት አመጣለሁ» አልኳት።

«መጀመሪያ ይጨርሱት» አለችኝና ወደ ሌላው ቢላዋ አለፈች።